አፉ የእኔ፣ ቃሉ የእሳቸው

ሚስቴን የሰፈሩ ሰው «ደወል» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። ባውቀው አንድ ሱሪ በነፃ እሰፋለት ነበር፤ እንደ እሱ ልኳን በትክክል የወሰደ ሰው የለምና። ድምፅዋ ደጅ ላይ ሲነሳ ጓሮ ያለው ሰው ቀና ይላል። ልጅ ሳለች አስተማሪዋ መጨረሻ ወንበር ላይ ያስቀምጧት ነበር አሉ፤ ከዚያም ሆና ስትመልስ ፊት የተቀመጡት ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። በተጋባን ሰሞን፣ «እባክሽ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ብላት፣ «የሚያሳፍር ነገር ካልተናገርኩ ጎረቤት ቢሰማ ምን ቸገረኝ?» አለችኝ።  መልሱን ይኸው እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። መርፌ ሲሰበር እቆጣለሁ፣ ደንበኛ ጨርቅ አምጥቶ «ለነገ» ሲለኝ እቆጣለሁ፣ ሚስቴ ስትታማ ደግሞ መቀሱን አስቀምጬ ነው የምቆጣው። ስለ እሷ የሚወራው ግማሹ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የቀረውን ግማሽ ሰው እንደ ነውር ያወራዋል። እኔ ደግሞ የምኮራው በእሱ ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ላውራው።

ሳገባት አውቶቡስ ተራ ውስጥ የጉዞ ሰዓት ተናጋሪ ነበረች። መስታወት በተገጠመላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ «ወንዝ ማዶ የምትሄዱ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ቀይ ሻንጣ የያዙት እናት፣ አይሩጡ፣ ጥሎዎት አይሄድም» ትል ነበር። የመጨረሻውን ማንም አላዘዛትም። ተጓዡ ይወዳት ነበር፤ አለቆቿ ግን የተቀዳ ድምፅ አመጡና አሰናበቷት። የተቀዳው ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ቀይ ሻንጣ ግን አያይም። በስንብት ገንዘቧ አሮጌ መኪና ገዛች፣ ጣራው ላይ ድምፅ ማጉያ አሰረች፣ ማስታወቂያ ነጋሪ ሆነች። ሕፃን ጠፍቷል፣ ውሃ ሊቋረጥ ነው፣ እገሌ አርፈዋል፣ ጫማ በቅናሽ ወጥቷል፤ ከተማው እነዚህን ሁሉ የሚሰማው ከእሷ ነው።

ሥራዋ ራሷ ያወጣችው አንድ ሕግ አለው። ማንኛውንም ማስታወቂያ ከማንበቧ በፊት፣ «አፉ የእኔ ነው፤ ቃሉ የእገሌ ነው» ትላለች። የቃሉን ባለቤት ሳትጠራ አንድ መስመር አታነብም። ካነበበች ደግሞ አትጨምርም፣ አትቀንስም። የራሷን ሐሳብ መናገር ስትፈልግ፣ «አፉም የእኔ፣ ቃሉም የእኔ» ብላ ትለየዋለች። አንድ ጊዜ የሱቆቻችን ማኅበር ሊቀመንበር፣ ልኳንዳ ቤት ያለው ሰውዬ፣ የተፎካካሪውን ሥጋ የሚያጣጥል ማስታወቂያ ይዞላት መጣ።

«ስሜን ግን አትጥሪ» አላት።

«ባለቤት የሌለው ቃል ሐሜት ነው» አለችው። «ሐሜት ደግሞ ድምፅ ማጉያ አይፈልግም፤ ራሱ እግር አለው።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ነጥቋት ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርስ ውስጥ ገባች።

ሱቃችን የረድፉ ጥግ ላይ ነበር። ግማሹ የእኔ የስፌት መኪናና የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግማሹ የእሷ ሽቦ፣ ባትሪና ማይክ። ክር ፍለጋ እጄን ስሰድ ሽቦ ይዤ እወጣለሁ፤ እሷም ሽቦ ፈልጋ ዚፕ ታገኛለች። ሱቆቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው መሐል ላይ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የጭነት መኪና ዕቃ ሊያራግፍ ከቆመ ሰው በጎኑ ተሸብልሎ ነው የሚያልፈው። ከረድፉ ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ፣ ትልቅ መኖሪያ ሰፈር አለ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል መውረጃው ይኸው የእኛ መንገድ ነው።

ነገሩ የተነሳው ከዚሁ መንገድ ነው። የምክር ቤት ምርጫ ደረሰና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ዕጩ ሆኑ። ረጅም፣ መነጽር ያደረጉ፣ ሲናገሩ ጣታቸውን የሚያነሱ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ከሰለቻቸው ቆይቷል። ዕቅዳቸው አጭር ነበር። የረድፉ አንዱ ወገን ይፍረስ፣ መንገዱ ይስፋ፣ አምቡላንስ ይለፍ። ምጥ የያዛት ሴት እዚህ መንገድ ላይ ተይዛ ልጇን አጥታለች ይሉ ነበር፤ እውነትም ነበር። ታዲያ የሚፈርሰው ወገን የእኛ ነው።

ሚስቴ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተነሳች። የእኛ ዕጩ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ደግ ሰው፣ ግን ሲናገሩ የሸሚዛቸው አንገት እንኳ የሚሰማቸው አይመስልም። በእሳቸው ፈንታ ሚስቴ ከተማውን አዳረሰችው። «አፉም የእኔ፣ ቃሉም የእኔ» ትልና ትጀምራለች፦ «ባለመድኃኒት ቤቱ እስከ ዛሬ የራስ ምታት ክኒን ይሸጡ ነበር። ዘንድሮ ራሱን ራስ ምታቱን ማደል ጀምረዋል።» ሰዉ በሳቅ ይሞታል። እኔም የስፌት መኪናዬን አቁሜ እስቃለሁ። ዶክተሩ ራሳቸው አንድ ቀን መድኃኒት ቤታቸው በር ላይ ቆመው ሲሰሟት አይቻለሁ። አልሳቁም፤ ግን እስክትጨርስ ቆመው ሰሟት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ረድፉ አፍ ላይ ባለችው ሜዳ ቅስቀሳ ሊያደርጉ መጡ። የሱቅ ሰዎች ቀድመው መክረው ነበር። ሱቆቻችን ሁሉ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ አላቸው፤ እሱን የምንስብበት ጫፉ የቆለመመ ረጅም ብረት ደግሞ በየበሩ ቆሟል። ዶክተሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም መዝጊያውን በብረቱ ይደበድባል፤ ምክሩ ይኸው ነበር። እንደ ቀልድ ነው የተያዘው።

ሚስቴ ይህን ስትሰማ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች፣ «ተዉ፣ ልስማቸው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ከማን ወገን ነሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ከእናንተ ወገን። ለዚህ እኮ ነው ልሰማቸው የምፈልገው። ሳልሰማቸው በምን ልመልስላቸው? በቆርቆሮ?»

ሳቁባት። ከዚያ ድብደባው ጀመረ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ጥርሴ ሥር ነው የገባው። ዶክተሩ የያዟት በእጅ የምትያዝ ትንሽ ማጉያ ነበረች፤ ከዚያ ሁሉ ብረት ጋር ምን ልታደርግ? ጥቂት ታገሉና ከቆሙበት ሣጥን ወረዱ። እልኸኛ ናቸው። አልሰማ ካላችሁኝ ልቅረባችሁ ብለው ወደ ሰዉ መሐል ገቡ፤ አንዱን ትከሻውን ይዘው በጆሮው፣ ሌላውን ክንዱን ይዘው በጆሮው መናገር ጀመሩ። እንዲህ እያሉ የጎረቤታችን የብረት በያጁ ሱቅ ፊት ደረሱ። በያጁ መዝጊያውን ይመታበት በነበረው ብረት ፊታቸውን መታቸው።

ብረቱ ሁሉ ባንዴ ዝም አለ። መነጽራቸው እኔ እግር ሥር ወድቆ ነበር፤ አንዱ መስታወት ደህና ነው፣ አንዱ ላይ ደም አለ። ሰው ሁሉ ሐውልት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማን ቀድሞ ደረሰ ብትሉኝ ሚስቴ ናት። ሻርፗን ፈታ አገጫቸውን አሰረች፣ «አንተ ሰውዬ ምን ትጎለታለህ፣ እግራቸውን ያዝ!» ብላ ጮኸችብኝ፣ ተሸክመን መኪናዋ ውስጥ አስገባናቸው።

እና መኪናዋ ማለፍ አቃታት። ፊት ለፊታችን የስሚንቶ መኪና ቆሞ እያራገፈ ነው፤ ሹፌሩ የለም። ሚስቴ ማይኩን አንስታ፣ «የስሚንቶ መኪና ሹፌር፣ የትም ሁን የት፣ ሰው ሊሞት ነው!» ስትል ሹፌሩ ሻዩን ጥሎ እየሮጠ መጣ። እስኪመጣ ድረስ ግን ቆመን ጠበቅን። ዶክተሩ ኋላ ወንበር ላይ ጭኔን ተደግፈው ተኝተዋል። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱና ያቺን ጣታቸውን ወደ ስሚንቶ መኪናው ቀሰሩ። ከዚያም ወደ ሚስቴ።

«ምን ሊሉ እንደሆነ ገብቶኛል» አለች በመስታወቱ እያየቻቸው። «አሁን ክርክር አያምጡብኝ፤ ይተኙ።»

መንጋጋቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። በያጁ በዚያው ቀን ታሰረ። የረድፉ ሰው መጀመሪያ ደንግጦ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ግን ድንጋጤው ወደ ደስታ ተለወጠ። «ልኩን አገኘ» ይባባሉ ጀመር። «እንግዲህ በየት አፉ ይናገር!» ይልና አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይቀበለዋል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኛ ረድፍ ሁሉ ምላሱን አውጥቶ ነበር።

ሊቀመንበሩ እኛ ሱቅ መጣ፤ ሳይጠሩት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ነገር ፈልጎ ነው የመጣው። አንደኛው፣ ዶክተሩ እግራቸው ተደናቅፎ በራሳቸው ወድቀው ነው የተሰበሩት ተብሎ በከተማው እንዲነገር።

«ቃሉ የማን ነው ልበል?» አለችው።

«የማንም አትበይ። ሰው ያየው ነገር ነው በይ።»

«እኔ ያየሁት በያጁን ነው። ሁለተኛው ምንድን ነው?»

ሁለተኛው ለበያጁ የሚሆን መዋጮ ነበር። «ለጀግናችን» አለ። ሚስቴ ይህቺን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ለልጆቹ እራት ከሆነ ከቤቴ አላቋርጥም፤ ልጆቹ ማንንም አልመቱም። ለዚያ ጀግና ላልከው ግን ሳንቲም የለኝም። መነጽር ያደረገ፣ ባዶ እጁን የመጣን ሰው በብረት መምታት ጀግንነት ከሆነ፣ ስሙን ለውጡለት» አለችው። ሊቀመንበሩ ሲወጣ መዝጊያውን በእግሩ ረገጠው። የበያጁን ልጆች ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ያበላቻቸው እሷ ናት፤ ይህንንም ማንም አያወራውም።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋን አስነሳች። ወዴት ነው ስላት፣ «ወደ ሥራዬ» አለች። ከዚያ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። እኔ ሱቅ ተቀምጬ፣ ድምፅዋ አንዴ ከዳገቱ፣ አንዴ ከአውቶቡስ ተራው፣ አንዴ ከወንዙ በኩል ይመጣልኛል።

«አፉም የእኔ፣ ቃሉም የእኔ። ቅዳሜ ዕለት ረድፋችን አፍ ላይ አንድ ሰው ስለተናገሩ ተመቱ። ተደናቅፈው አልወደቁም፤ በብረት ነው የተመቱት፣ አይቻለሁ። እኚህን ሰው እቃወማቸዋለሁ። አልመርጣቸውም። ሱቄን ሊያፈርሱ ነው የመጡት። ግን የመታቸው እጅ እኔን ሊረዳ ከሆነ የመታው፣ እርዳታውን አልፈልገውም። ነግ በኔ ነው። ዛሬ ለእሳቸው ቃል መልሱ ብረት ከሆነ፣ ነገ ለእኔም ቃል ብረት ነው። እኔ ደግሞ ከመንጋጋዬ ሌላ ንብረት የለኝም።»

ማታ ስትመለስ ሰላም የሚላት ጠፋ። በሳምንቱ መዝጊያችን ላይ በጥቁር ቀለም «ከሃዲ» ተጽፎ አገኘን። የመኪናዋ ጎማ ተነፈሰ። የእሷ ማስታወቂያ ቀረ፤ ለዓመታት ልብሱን የሰፋሁለት ሰው ኮሌታ ሊያስቀይር ሌላ ሰፈር ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። እኔ ፈራሁ፤ መፍራቴን አልደብቅም። «አንቺ ሴት፣ የተናገርሽው ይበቃል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አልኳት።

«ወለምታ የሚሆነው ሳያስቡ ሲናገሩት ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ፤ አንተ ስታንኮራፋ» አለችኝ።

ምርጫው ሊደርስ ሲል የመጨረሻው የዕጩዎች መድረክ ተጠራ። ሁለቱም ዕጩዎች በየተራ፣ እዚያችው ሜዳ ላይ። የዶክተሩ ሰዎች እኛ ሰፈር መምጣት ፈርተው ነበር። እሳቸው ደግሞ መንጋጋቸው በሽቦ ታስሮ ቃል አይወጣቸውም። ይተዉታል ተባለ። የረድፉ ሰው ነገሩ ያለቀለት መሰለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ እየቆረጥኩ ቀና ስል ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል። ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለውን ሳያይ አያልፍም። ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና ለሚስቴ ሰጧት። ንግግራቸው ነው። እንድታነብላቸው ነው የመጡት።

ሚስቴ ወረቀቱን አየችው፣ አራቀችው፣ አቀረበችው። «ዶክተር፣ ይህን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ ይዘው ነው ሰው መድኃኒት ሳይሳሳት የቆየው?» አለች። ሰውየው በሽቦ ውስጥ ሊስቁ ሞከሩና አመማቸው፤ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ብዕር አውጥተው የክኒን ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፉ። ሚስቴ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የእኔ ሰው ቢያነበው በቆርቆሮ ጩኸት ይውጡታል። አንቺን አይችሉም።»

«እኔ እኮ እቃወምዎታለሁ።»

«አውቃለሁ» ብለው ጻፉ።

እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ዶክተር፣ እርስዎ ለመንገድዎ ብለው እኛን ከሰው አጣልተውን ሊሄዱ ነው። አንዴ ስለ እርስዎ ተናግራ ያገኘችውን በሩ ላይ ያንብቡት» አልኩ። ዘወር ብለው መዝጊያውን አነበቡት። ካርቶኑን ኪሳቸው ከተቱና ለመሄድ ተነሱ። አንጀቴን በሉት፤ ቢሆንም መቀሴን አነሳሁ።

«ይቀመጡ» አለች ሚስቴ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው እያነበበች ነበር። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ ስለ እኔ ነው?»

ዶክተሩ ደነገጡ። ወረቀቱ ከመመታታቸው በፊት የተጻፈ ኖሯል። ብዕሩን አውጥተው ሊሰርዙት ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው። «አይሰርዙም። ያሰቡትን ነው የጻፉት፤ ስላነሳሁዎት ብለው አያሽሞንሙኑልኝ። እንዳለ ነው የማነበው። ስጨርስ ግን የእርስዎን ቃል አስቀምጬ የራሴን እናገራለሁ፤ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል።»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እሳቸው ከወጡ በኋላ፣ «ይህን ካነበብሽ በኋላ እዚህ ሰፈር እንዴት ልንኖር ነው?» አልኳት።  እሷም፣ «እሳቸውን በብረት ዝም ካሰኘን በኋላስ እንዴት ልንኖር ነው?» አለችኝ።

የመድረኩ ቀን ሜዳው ሞልቶ ነበር፤ ከዳገቱም ሰው ወርዷል። የሱቅ ሰዎች በየበራቸው ቆመዋል፤ ብረቱ ከአጠገባቸው ነው። ዶክተሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሚስቴ መድረኩ ላይ ወጥታ ማይኩን አስተካከለች።

«አፉ የእኔ ነው፤ ቃሉ የባለመድኃኒት ቤቱ ነው» አለች። ሜዳው ተንጫጫ። ለካ ብዙው ሰው አላወቀም ኖሯል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጀመረች፤ ወዲያው ከልኳንዳ ቤቱ በኩል አንድ መዝጊያ ጮኸ። ሌላ ተከተለው። ሦስት፣ አራት ሆኑ።

ሚስቴ ቆመች። አልተቆጣችም። እስኪደክማቸው ጠበቀቻቸው። ሲደክማቸው፣ «ከመጀመሪያው ልጀምር» አለችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ደግሞ መቱ። ደግሞ ጠበቀች። «ከመጀመሪያው። በመታችሁ ቁጥር ከመጀመሪያው ነው። እኔ አልቸኩልም፤ ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቀጠሮ ማሳለፍ ከእሱ ተምሬያለሁ።» ሜዳው በሳቅ ፈነዳ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመቱ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ ተዉን! ይህቺን መግቢያ በቃላችን ያዝናት፣ ቀጥሎ ያለውን እንስማ» አሉ። መዝጊያዎቹ እየተቆራረጡ ቆሙ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑ የገባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ አነበበች። ከልቧ አነበበች፤ የገዛ ልጇ የጻፈው እንኳ ቢሆን ከዚያ የበለጠ ልታነብ አትችልም። ምጥ ስለያዛት ሴት ያለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝግ አለ፤ እኔ ያቺን የስሚንቶ መኪና አሰብኩ፣ እሷም ሳታስባት አልቀረችም። ስለ ራሷ ያለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦ «በዚህ ሰፈር ማስረጃ የጎደላት፣ ጩኸት ግን ያልጎደላት አንዲት ሴት አለች። ድምፅ ማጉያ ተሸክማ ስለዞረች እውነት የተሸከመች ይመስላታል።» ሜዳው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ዶክተሩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቀጠለች፦ «ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚነሳው ጥግ ላይ ያለው የልብስ ሰፊው ሱቅ ነው።»

ይህን አላነበበችልኝም ነበር። ሱቄን የሚያፈርሰውን ዓረፍተ ነገር ከሚስቴ አፍ፣ በዚያ ቀይ ሻንጣ ይዞ የሚሮጠውን ሁሉ ያረጋጋ በነበረው ድምፅ ሰማሁት። አንድ ፊደል አልዘለለችም። ልትዘል ትችል ነበር፤ ሰውየው ሊናገሩ አይችሉ፣ ማን ያቆማታል? በሱቄ አዘንኩ፣ በሚስቴ ግን ኮራሁ። ሁለቱ አብረው እንደሚሆኑ እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን አጠፈች። «የእሳቸው ቃል እዚህ ላይ አለቀ» አለች። «አሁን አፉም ቃሉም የእኔ ነው። ዶክተር፣ ተሳስተዋል። መንገዱን የዘጋው ግድግዳችን አይደለም፤ ቀትር ላይ ቆሞ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ነው። መኪናዎቹ ሳይነጋ ያራግፉ፣ አምቡላንሱ ቀኑን ሙሉ ያልፋል፣ ማንም ሱቁን አያጣም።» አጨበጨቡላት፤ ቅድም ብረት የያዙትም ጭምር። እሷ ግን አላበቃችም። ወደ ሱቆቹ ዞረች። «ይህን መልስ ያገኘሁት እሳቸውን ሆስፒታል ሳደርስ ነው። ያን ቅዳሜ እንድሰማቸው ብትተዉኝ ኖሮ ሰው ሳይደማ አገኘው ነበር።» ያኔ ያጨበጨበ የለም። እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዶክተሩ አሸነፉ። በጥቂት ድምፅ ነው፣ ግን አሸነፉ። የዳገቱ ሰው ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር የሰማው ያን ቀን ነበርና፣ «ደወል ናት ያስመረጠችው» ተባለ። ሚስቴ የመረጠችው መምህሩን ነው፤ ይህን ለማንም አልደበቀችም። የጭነት መኪናውን ሐሳብ ምክር ቤቱ አነሳው፣ ጣለው። ረድፉ እንዲነሳ ተወሰነ፣ ለእኛም ከድልድዩ ማዶ ሌላ ቦታ ተሰጠን። ቦታው ሰፊ ነው፤ ደንበኛ ግን ጥቂት ነው። ሊቀመንበሩ እስከ ዛሬ ሰላም አይለንም። ሲያልፍ እኔም መርፌዬን አያለሁ።

ዕቃ ያወጣን ቀን ዶክተሩ ብቻቸውን በእግራቸው መጡ። ሽቦው ወልቆላቸዋል፤ አፋቸው ግን ወደ አንድ ወገን ሄድ ብሎ ቀርቷል፣ ሲናገሩም ዝግ ይላሉ። የሱቅ ሰዎች ዕቃቸውን አስቀምጠው ተመለከቷቸው።

«እትዬ ደወል» አሉ፣ «ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም። መንገዱ መስፋት አለበት ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።»

«እኔም ይቅር ልል አልወጣሁም» አለቻቸው። «ተሳስተዋል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ይልቅ የዚህን ጠረጴዛ ያንን ጫፍ ያንሱልኝ፣ ባሌ ወገቡን ያመዋል።»

ኮታቸውን አውልቀው የመቁረጫ ጠረጴዛዬን አንድ ጫፍ አነሱ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ከሰዉ መሐል አንዱ፣ «የቀረውን መንጋጋውን ማን ባስተካከለለት!» አለ። ሌሎች ሳቁ። ዶክተሩ ጠረጴዛውን እንደያዙ ቆሙ።

ሚስቴ የያዘችውን ጫፍ መሬት አስቀመጠች። ማይክ አልያዘችም፤ አያስፈልጋትም። «ማነው የተናገረው?» አለች። «ና፣ ፊት ለፊት ቆመህ ተናገር። ሱቄን ያፈረሱ ሰው ናቸው፤ የፈለግኸውን በላቸው፣ እኔም አግዝሃለሁ። እጅህን ግን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

የወጣ ሰው የለም።  ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫፏን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ይዘው እየሄዱም የት የት ላይ እንደተሳሳቱ ትነግራቸው ጀመር። እኔ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ከኋላቸው ነበርኩ። ከገዛ ሱቄ ተነስቼ እየሄድኩ እንደዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ የተራመድኩበት ጊዜ የለም። ዶክተሩ ጠረጴዛው መኪናው ላይ እስኪጫን ድረስ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም።